ከደሴ ወደ ማርስ፣ በዳላስ በኩል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጣዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይኸው ጀመርኩ። እንዲህ ብዬ ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዘመን ሆነኝ! ልጅ ሆኜ፣ ልጃቸው ወታደር ቤት ለሄደባቸው የሰፈር እናቶች ጸሐፊያቸው እኔ ነበርኩ። «ከናፍቆትህ በቀር» የምትለዋ ካልገባች ፖስታው አይታሸግም። «እስኪ አንብብልኝ» ይሉኛል። እዚያች ላይ ስደርስ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ፖስታው በምራቅ የሚለጠፈው።

ስልክ እያለ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው እንዳትዪ። እየተለማመድኩ ነው። ያሰብሽው ከተሳካልሽ ዓመት ከምናምን በስልክ አናወራም። ከአሁኑ እጄን ላፍታታ ብዬ ነው።

ባለፈው እሁድ እናትሽ ቡና እየቆላች ደውለሽ የነገርሽንን ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሳመላልሰው ሰነበትኩ። እሷ ግማሹን አልሰማችም፤ የቡናው ጭስ ዓይኗን ይዟት ነበር። እኔ ግን ሰምቻለሁ። «አባዬ፣ የማርስ ልምምድ አለ፤ ቀጣዩ ዙር ምዝገባ ከወጣ ልሞክር ነው» አልሽ። ወዲያው ወሬ ቀየርሽ። ዝም ያልኩት ኔትወርኩ ቆሞ አልነበረም።

ስልኩ እንደተዘጋ ገብቼ አነበብኩ። ቻፒያ ይሉታል። ሒዩስተን፣ የናሳ ጆንሰን የጠፈር ማዕከል ግቢ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቤት ሠርተዋል። ቤቱን ግንበኛ አልሠራውም፤ በፕሪንተር ነው የታተመው። (እናትሽ «እንደ ወረቀት?» አለችኝ። «እንደ ወረቀት» አልኳት። ማስረዳቱ ደከመኝ።) ስፋቱ 158 ካሬ ሜትር ነው። አራት ሰው ገብቶ ለ378 ቀን ይዘጋበታል። ውጪ ወጣን የሚሉት ቀይ አሸዋ ወደተደፋበት፣ ግድግዳው ላይ የማርስ ገደል ወደተሣለበት ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት በፈረንጆች ጁን 2023 ገብተው ጁላይ 2024 ወጡ። ሁለተኛዎቹ ኦክቶበር 2025 ገቡ። ቲማቲምና ቃሪያም ያበቅላሉ አሉ። ቃሪያ ካለማ አንቺ አትራቢም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤቱ አልከፋኝም። 158 ካሬ ለአራት ሰው! እኛ ስንት ሆነን ስንት ካሬ ውስጥ እንዳደግን ታውቂያለሽ። የከፋኝ አንድ ሌላ መስመር ነው። መልእክት እስኪደርስ 22 ደቂቃ ድረስ ይዘገያል ይላል። ሆን ብለው ነው የሚያዘገዩት፤ የእውነቷ ማርስ እንደዚያ ስለሆነች። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እየበረረ እንኳ፣ ማርስ ስትቀርብ ሦስት ደቂቃ ገደማ፣ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትሆን ደግሞ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልስ 44 መሆኑ ነው። ይሄን የሚያፈጥን ቴክኒሽያን አልተወለደም፤ አይወለድምም።

እስኪ አስቢው። እናትሽ አቦሉን ቀድታ «ሚጣዬ፣ በላሽ?» ብላ ትልካለች። ጥያቄው አንቺ ጋ ሲደርስ እኛ ቶና ላይ ነን። «አዎ እማዬ፣ አንቺስ?» ያልሽው እዚህ ሲገባ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ታጥቧል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ታውቂዋለሽ። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ሥራስ፣ ጤናስ፣ ብርዱስ እያልን በየተራ እንመላለስ ካልን፣ ሰላምታው ሳያልቅ ይመሻል።

አትሂጂ ልልሽ ግን አልችልም። ምን አፍ አለኝ? ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ።

ያቺን ፊሊፕስ ሬዲዮ ታስታውሻለሽ? ሰባት ዓመትሽ ነበር። ምሳ በልቼ ወደ ሱቅ ስመለስ የደንበኛ ሬዲዮ ዘርግተሽ ቁጭ ብለሻል። ካቻቢቴዬ እጅሽ ላይ፣ ጆሮሽ ላይ አቧራ። እናትሽ ከኋላዬ መጥታ ልትገርፍሽ ስትል እኔ ብሎኖቹን አየሁ። የዳቦ ሳህን ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረሻቸዋል። የኔ ተለማማጆች፣ ጺም ያወጡት፣ ብሎን እንደ ጥራጥሬ ነበር የሚበትኑት። «ተያት» አልኳት። በዚያው ተያዝሽ። አሁን ማንን ልውቀስ?

እኔስ መቼ ዳንኩ። ጥቅምት 3 ቀን 2017፣ እሁድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ሱቅ ልዘጋ ስል የሰፈር ልጆች ተግተልትለው ገቡ። «ጋሼ፣ የኢሎን መስክ ሮኬት፣ ስታርሺፕ፣ ሊነሣ ነው!» ስልካቸው ሁሉ ባትሪ ጨርሷል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። አንድ የደንበኛ ስልክ ነበረኝ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ለጥገና የመጣ። ባለቤቱ ይቅር ይበለኝ፣ እሱን ከፈትነው። አሥር ልጅ በተሰነጠቀ ስክሪን ላይ ተደፋ። አንቺ ካለሽበት ከቴክሳስ ደቡብ ጫፍ ተነሣ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ የታችኛው ክፍል፣ 71 ሜትር የሚረዝመው፣ ጭራው እየነደደ ቁልቁል ተመለሰና ማማው በሁለት የብረት ክንዱ አየር ላይ ቀለበው። የጩኸቱን ነገር አልነግርሽም። አርሴናል በጭማሪ ሰዓት ያገባ ነው የሚመስለው። ጎረቤቴ ባለ ሻዩ ቤት «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ወጣ። «ሮኬት ያዙ!» አሉት። «ማን?» አለ። «ቴክሳሶች!» «ታዲያ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብሎ ተመልሶ ገባ። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ልጆቹ እንዳያዩኝ ካውያ የምፈልግ መሰልኩ።

ያን ቀን ስልኩን በሕይወት ያቆየችው የሠራኋት ፓወር ባንክ ናት። ስለ እሷ ባልነግርሽ ይቆጨኛል። የላፕቶፕ ባትሪ «ሞተ» ተብሎ ሲጣል እኔ እሰበስባለሁ። ፕላስቲኩን በቢላ ጫፍ ትሰነጥቂዋለሽ። ውስጡ ስድስት ሲሊንደር ተደርድሯል፤ ከአውራ ጣቴ ትንሽ ይወፍራሉ። ስማቸው ቁጥር ነው፦ 18650። ውፍረታቸው 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊሜትር ማለት ነው። አንድ በአንድ በቴስተር ትለኪያቸዋለሽ። ሁለቱ ባዶ ይሆናሉ፤ አራቱ ግን አንዳንዴ 3.6 ቮልት ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሁለት በታመሙ ስድስቱም ሞቱ ተብለው ነው የተጣሉት። አራቱን ነቅዬ ሌላ ሳጥን ውስጥ እሰፍራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ናሳ ማርስ ላይ የላካት ትንሿ ሄሊኮፕተር፣ ኢንጀኒዩቲ፣ ሆዷ ውስጥ የያዘችው ምን ነበር መሰለሽ? ስድስት 18650! ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት። አንጎሏ ደግሞ ስናፕድራገን 801፣ ድሮ ሳምሰንግ ኤስ 5 ላይ የማውቀው ቺፕ። 1.8 ኪሎ ትመዝናለች። በፈረንጆች አፕሪል 19 ቀን 2021 ተነሣች። ሰላሳ ቀን፣ ቢበዛ አምስት በረራ ነበር የታሰበላት። አየሩ የእኛን አንድ በመቶ ገደማ በሆነበት ቦታ 72 ጊዜ በረረች፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ክንፏ ተሰብሮ ቆመች። የወደድኩላት ግን ሌላ ነው። ከባትሪዋ ጉልበት አብዛኛው የሚሄደው ለመብረር አይደለም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 80 እና 90 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ እንዳትቀዘቅዝ ራሷን ለማሞቅ ነው። የደሴ ሰው በይኝ!

ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው ሱቁ ጸጥ አለ። አንዱ የተጣለውን ባትሪ አንሥቶ አገላብጦ አየው። ከዚያ ሌላው፣ ቀልደኛው፣ «በቃ ማርስ ላይ ሰፈራ ሊጀመር ነው! ኢሎን መስክ አንድ ሚሊዮን ሰው አሰፍራለሁ ብሏል» አለ። «ሊዙ በካሬ ስንት ነው?» አለ አንዱ። «ካርታ የሚሰጠው የትኛው ክፍለ ከተማ ነው?» ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ሰፈራ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

እነሱ አያውቁም። አንቺም በደንብ አልነገርንሽም። በ1977 ድርቁ ወሎን ሲያቃጥላት መንግሥት ሰዉን እያነሣ ወደ ምዕራብ ያሰፍር ጀመር። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ የተነሣው ሕዝብ 600 ሺህ ገደማ ደርሷል። ታላቅ እህቴ፣ አክስትሽ፣ ከእነዚያ አንዷ ናት። መጀመሪያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ የሩሲያ አንቶኖቭ ላይ ተጫነች። መቀመጫ የለውም፤ ሰው እንደ ጆንያ ተጠጋግቶ ነው። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ያየችው መሬት ሆና ቀና ብላ ብቻ ነው። አሶሳ አወረዷት። «ከሰማይ ወረድን፤ አፈሩ ቀይ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ፣ ታሪኩን ስትጀምር።

ቴክኖሎጂ አልጎደላቸውም እኮ። በዘመኑ የነበረው ሁሉ ተሰጥቷቸዋል፦ አውሮፕላን፣ ትራክተር። ትራክተሩ አረሰ፣ አረሰ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ቆመ። ዶሮ ሰፈረበት። እኔ ወጣት ሆኜ ይሄ ነበር የሚያንገበግበኝ። «እኔ በነበርኩ አስነሣው ነበር» እላት ነበር። አንድ ቀን ታዲያ «ከሁሉ ምን ከበዳችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። ወባው ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መጀመሪያ ያቋቋምነው እድር ነው» አለችኝ። ጎጆው ክዳን ሳይለብስ። ሰው ይሞታል፤ የሚቀብረው ዘመድ የለም። አንዱ ከላስታ ነው፣ አንዱ ከየጁ፣ አንዱ ከቦረና፤ እርስ በርስ አይተዋወቅም። አንዱ አካፋ አመጣ፣ አንዱ ሰሌን አመጣ፣ አንዷ ቡና አፈላች። እድርተኛ ሆኑ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰው በእግርም በመኪናም ተመለሰ። እሷም መጣች። አራት ሲኒ ይዛ ሄዳ ነበር፤ ሁለት ይዛ ተመለሰች።

አንቺ በፈቃድሽ ነው የምትሄጂው፤ እሷን የጠየቃት የለም። ልዩነቱ ይገባኛል፤ አታስረጂኝ። ግን የማርስ ከተማ ተብሎ የሚሣለውን ሥዕል ሁሉ በዓይኔ ስፈልግ እድሩ የቱ ጋ እንዳለ አይታየኝም። ሮኬቱ አለ፣ ጉልላቱ አለ፣ ቲማቲሙ አለ። አራት ሰው ደግሞ እድር አይሆንም። አንዱ ቢወድቅ ሦስት ሰው ቃሬዛ አይሸከምም። ይሄን ስልሽ ፊትሽ ሲጨማደድ ይታየኛል። ልምምድ እኮ ነው አባዬ ልትዪኝ። አውቃለሁ። የሒዩስተኑ ቤት በር አለው፤ ቢብስ ከፍቶ መውጣት አለ። እኔ ከሒዩስተን ቀጥሎ ያለውን ነው የማስበው። ብሎን በመጠን የምትደረድር ልጅ ልምምድ ላይ አትቆምም።

ስለ ልምምድ ካነሣን፣ አሪዞና ውስጥ የሆነውን አንብበሻል? ባዮስፌር 2 የሚሉት፣ የመስታወት ቤት። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 1991 ስምንት ሰው ገባ፤ ሁለት ዓመት ዘግተውባቸው 1993 ወጡ። አትክልቱም ፍየሉም ውሃውም እዚያው። አየሩ በራሱ ይታደሳል ተባለ። ከዚያ ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ እየወረደ 14 በመቶ ገደማ ገባ። ተራራ ላይ እንዳለ ሰው ማለክለክ ጀመሩ። ከውጪ ኦክስጅን ተጨመረላቸው። ለካ አፈሩ ውስጥ ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ኦክስጅኑን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ካርቦኑን ደግሞ ሲሚንቶው ይውጠዋል። አትክልቱ መልሶ ኦክስጅን የሚያደርገው ካርቦን የለም ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። እኔ ብጠራ ፓምፑን ነበር የምፈታው፣ ቱቦውን ነበር የምፈትሸው። ግድግዳው ራሱ ሌባ ነው ብዬ በምን እጠረጥራለሁ?

ኦክስጅኑስ ተጨመረ፤ ሰዎቹ ግን ለሁለት ተከፈሉ። አራት ለአራት። ስምንት ሰው እኮ ነው! አንድ የኮንዶሚኒየም ፎቅ የማይሞላ። ሁሉም የተማሩ፣ ሁሉም ፈልገው የገቡ። ሥራቸውን አብረው ይሠራሉ፤ ፍቅር ግን የለም። እዚያ የነበረች አንዲት ሴት ፒዛ ለመሥራት አራት ወር ፈጀብኝ ብላለች፤ ስንዴውን ዘርታ፣ ፍየሏን አልባ። ቡና ተክለው ነበር፤ ግን ለሁሉም በየቀኑ የሚበቃ አልሆነም፣ ብርቅ ነበር። ለእናትሽ ይሄን ሳነብላት ቀና ብላ «በቃ፣ የተጣሉት ለዚህ ነው» አለች። ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

የሚመለሱበትን ቀን ቆጥረው የሄዱ ሰዎችም አሉ። በፈረንጆች 2024 የናሳ ጠፈርተኞቹ ሱኒ ዊሊያምስና ቡች ዊልሞር ለስምንት ቀን ያህል ብለው ወደ ጠፈር ጣቢያው ሄደው፣ በሄዱ በ286ኛው ቀን ተመለሱ። አንቺም ዲቪው የደረሰሽ ጊዜ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ» ብለሽ ነበር። ወቀሳ አይደለም። የሱኒን ፊት ቲቪ ላይ ሳይ ትዝ ስላልሽኝ ነው።

ሰርጌይ ክሪካሌቭ የሚባለውን ግን አልረሳውም። ሶቪየት ኅብረት ወደ ጠፈር ያወጣችው ግንቦት 10 ቀን 1983 ነው። እሱ በወጣ በአሥረኛው ቀን እዚህ ደርግ ወደቀ። እኔ ያን ሰሞን ሬዲዮ ላይ ተጥጄ ስለ እኛ ጉድ ነበር የምሰማው፤ ከላያችን ሌላ ሰው እየዞረ የራሱን ሬዲዮ እንደሚጠብቅ አላወቅኩም። እሱም ከላይ ሆኖ ከአማተር ሬዲዮኞች ጋር ያወራ ነበር፤ ወሬ ለቃሚ እንደኛው። 311 ቀን ቆይቶ ሲወርድ የላከችው ሀገር የለችም። የተነሣበት ሜዳ እንኳ የሌላ አገር ሆኗል። አንቺ ስትመጪ ፒያሳን የምታውቂያት አይመስለኝም፤ ግማሹ ፈርሷል። የጦሳ ተራራ ግን እንዳለ ነው። ጭጋጉም።

መልእክት መዘግየት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ጠፋ። ከወር በላይ። እኛ እዚህ ዱቄት እንለካለን፣ ሻማ እንቆጥባለን፣ ውለን እናድራለን። በኋላ ነው የነገርሽኝ። በየቀኑ ከሥራ በፊት ትደውዪ ነበር፤ ያቺ የተቀዳች ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» ትልሻለች፤ እስከ መጨረሻው ሰምተሽ ትዘጊያለሽ። እስከ መጨረሻው ለምን እንደምትሰሚ ስጠይቅሽ «ምናልባት ሌላ ነገር ትላለች ብዬ» አልሽ። ያኔ ማርስ ላይ የነበርነው እኛ ነን። አሁን ደግሞ የኔ ተራ ሊሆን ነው። እችለዋለሁ ብዬ አልፎክርም።

ይሄን ሁሉ የምዘባርቀው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው።

በፈረንጆች 1977 መጨረሻ ላይ ጆርጂ ግሬችኮ የሚባል ሶቪየታዊ ወደ ጠፈር ጣቢያ ሄዶ 96 ቀን ቆየ። እዚያ እያለ አባቱ ሞቱ። አብሮት የነበረው አዛዥ ያውቅ ነበር፤ እስኪወርዱ ድረስ አልነገረውም። ጎን ለጎን እየበሉ፣ እየሠሩ፣ ይዞት ከረመ። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ይሄ የኛው መርዶ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በር እስኪያንኳኳ ድረስ አንነግርም።

ሌላም አለ። በፈረንጆች ዲሴምበር 2007 ዳንኤል ታኒ የሚባለው አሜሪካዊ ጣቢያው ላይ እያለ እናቱ በአደጋ ሞቱ። እሱን ነገሩት። ነገሩት እንጂ የሚያወርደው መንኮራኩር ስለዘገየ ሁለት ወር እዚያው ቆየ። ቀብር የለም፣ ሠልስት የለም፣ ድንኳን የለም። ምድርን በዘጠና ደቂቃ አንዴ እየዞረ፣ እናቱ የተቀበረችበት አገር በየቀኑ ከሥሩ እያለፈ። የትኛው ይሻላል? ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ፤ አልወጣልኝም።

አያትሽ በ2011 ስታርፍ አንቺ ፈተና ላይ ነበርሽ። እኔ ነኝ «አትንገሯት» ያልኩት። እናትሽ አልነበረችም፣ እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት በየእሁዱ ስትደውዪ «ተኝታለች»፣ «ቤተክርስቲያን ሄዳለች» አልን። ከዚያ ዳላስ ያሉትን የሀገር ልጆች ለምነን በጠዋት አስረዱሽ። ፈተናሽን አለፍሽ። ግን ሁለት ወር አላናገርሽኝም፤ ስታናግሪኝም መጀመሪያ ያልሽው «አባዬ፣ ሦስት እሁድ ለሞተ ሰው ሰላምታ ልኬያለሁ» ነው። ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። በስልክ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ይኸው በጽሑፍ፦ ይቅር በዪኝ።

አሁን ጥያቄዬ። እኔ ስድሳን ይዣለሁ፤ ደም ግፊቴን ታውቂያለሽ፤ 378 ቀን ረጅም ነው። እዚያ እያለሽ አንድ ነገር ብሆን እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ እስክትወጪ ይቆይ? በዚህ በሒዩስተኑ በር አለ፤ ሰምተሽ ልትወጪ ትችያለሽ፣ ግን የሌሎቹን የሦስቱን ሰው ድካም ታበላሺያለሽ። በእውነቷ ማርስ ደግሞ ወደ ቤት የሚያመጣው መንገድ የሚከፈተው በሃያ ስድስት ወር አንዴ ነው አሉ፤ ብትሰሚም ባትሰሚም እዚያው ነሽ። አሁን በጤናችን ሳለን ወስኚና ጻፊልኝ። ያልሽውን አደርጋለሁ። ለእናትሽም እነግራታለሁ፤ ታለቅሳለች፤ ግን ታደርገዋለች። የኔንም ልንገርሽ፦ አንቺ አንድ ነገር ከሆንሽ ለእኔ እንዳይቆይ። በ22 ደቂቃው ይድረሰኝ። ሽማግሌ አልፈልግም።

በቃ፣ ይሄው ነበር።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። አክስትሽ በዓል ሲሆን ትመጣለች፤ ስለ ማርስ ነገርኳት። ብዙ አሰበችና «ሲኒ ትያዝ፣ እዚያ አይገኝም» አለች። ልጆቹ ሱቁን የጠፈር ማዕከል ብለው ሰይመውታል። ተለማማጅ ላደርጋት ያሰብኳት አንዲት ልጅ መጥታለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ብሎን ትበትናለች፣ ግን ትማራለች። መብራት ዛሬ አለ።

ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ እንሞክረው። አንቺ በድምፅ ትልኪያለሽ፣ እኔ 22 ደቂቃ ጠብቄ እከፍታለሁ። ሰዓት ይዤ። ስመልስም እንደዚያው ጠብቀሽ ክፈቺው፤ እንዳታጭበረብሪ። እናትሽ አልተስማማችም። «የልጄ ድምፅ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ እኔ ቁጭ ብዬ ላየው?» አለች። እሷን ስልኩ ካለበት ክፍል ማስወጣት ሳይኖርብኝ አይቀርም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። እኔም በያለሽበት እስምሻለሁ።

አባትሽ፣
ከደሴ

ያቺ ፊሊፕስ ሬዲዮ ባለቤቱ ሳይመጣ ቀርቶ አሁንም መደርደሪያው ላይ ናት። ባለፈው አውርጄ ከፈትኳት፤ ትሠራለች። ከኋላ ክዳኗ ግን አንዲት ትንሽ ብሎን ትጎድላለች። ያኔ ሳህኑ ላይ አሥራ አንድ ነበር የቆጠርኩት፣ አሁን አሥር ነው። አንቺ ጋ ትሆን እንዴ?